የቃር መድኃኒትና ጡት ማጥባት፦ ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለሰሜን ተራሮች ግርጌ እናቶችና ቤተሰቦች የተዘጋጀ መረጃ

ቃር የሚያስቸግራት የምታጠባ እናት ብዙውን ጊዜ በሁለት ስጋት መካከል ትቆማለች። መድኃኒቱን ብትወስድ በጡት ወተቷ በኩል ወደ ሕፃኑ አልፎ ይጎዳዋል ብላ ትፈራለች፤ ባትወስድ ደግሞ ሕመሙ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይነሳታል። በዚህ ጥርጣሬ ምክንያት አንዳንድ እናቶች ሕመሙን ችለው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዶች መድኃኒቱን እየወሰዱ ጡት ማጥባታቸውን ያቋርጣሉ። ሁለቱም ጉዳት አላቸው፤ በአብዛኛውም አስፈላጊ አይደሉም።

ይህ መረጃ ለቃር የሚሰጡ መድኃኒቶች ለምታጠባ እናት ያላቸውን ደኅንነት፣ አወሳሰዳቸውን፣ ሊወገዱ የሚገባቸውን መድኃኒቶች፣ ቃር የሚመስሉ አደገኛ ምልክቶችን እንዲሁም በአካባቢው አገልግሎቱ የሚገኝበትን መንገድ ያብራራል። የጤና ባለሙያን ምርመራና ትእዛዝ አይተካም።

በአጭሩ

• ለቃር በብዛት የሚታዘዙት መድኃኒቶች ጡት ማጥባትን አያስቆሙም። በወተት የሚያልፈው መጠን እጅግ አነስተኛ ነው።
• መድኃኒት ስለተወሰደ የጡት ወተትን አልቦ መድፋት ወይም ለሰዓታት ሳያጠቡ መቆየት አያስፈልግም።
• የተወሰኑ መድኃኒቶች፣ በተለይም ቢስሙዝ ሳብሳሊሲሌት ያለባቸው፣ በምታጠባ እናት ሊወሰዱ አይገባም።
• በወለደች በ6 ሳምንት ውስጥ ባለች እናት ላይ ከራስ ምታት ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር የሚመጣ የላይኛው ሆድ ሕመም ቃር ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ቃር ምንድን ነው?

ጨጓራ ምግብን ለመፍጨት አሲድ ያመነጫል። በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ መገናኛ ላይ ያለው ጡንቻ ሲላላ ይህ አሲድ ወደ ላይ ተመልሶ የቧንቧውን ግድግዳ ያቃጥላል። ከደረት አጥንት በስተጀርባ የሚሰማው ማቃጠል፣ ወደ አፍ የሚመጣው ጎምዛዛ ወይም መራራ ፈሳሽ፣ ሲተኙ ወይም ሲያጎነብሱ የሚብሰው ሕመም ከዚህ የተነሣ ነው።

በተለምዶ «ጨጓራ አለብኝ» ሲባል የተለያዩ ሕመሞች በአንድ ስም ይጠራሉ። ቃር፣ የጨጓራ ግድግዳ መቆጣትና የጨጓራ ቁስለት የተለያዩ ሲሆኑ ሕክምናቸውም የተለያየ ነው። ቁስለት ብዙ ጊዜ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከተባለው ባክቴሪያ ጋር የተያያዘ በመሆኑ አሲድ በሚቀንስ መድኃኒት ብቻ አይድንም። ስለዚህ ጎረቤት የዳነበትን መድኃኒት ወስዶ ከመጠቀም ይልቅ መመርመር ይመረጣል።

በእርግዝና ወቅት የሚጨምረው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ጡንቻውን ስለሚያላላና ማኅፀን ጨጓራን ወደ ላይ ስለሚገፋ ቃር የተለመደ ነው። ከወሊድ በኋላ በአብዛኛው እየቀነሰ ይጠፋል። የሚቀጥል ከሆነ የአመጋገብ ሁኔታ፣ የክብደት መጨመር፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ወይም ለወሊድ ሕመም የተሰጡ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። አይቡፕሮፌን ለሚጠባ ሕፃን ደኅንነቱ የተጠበቀ ቢሆንም የእናቲቱን ጨጓራ ሊያስቆጣ ስለሚችል ከምግብ ጋር መወሰድ ይኖርበታል። ቃር ላለባት እናት ፓራሲታሞል የተሻለ አማራጭ ነው።

ጡት ማጥባትን ማቋረጥ ለምን አይመከርም?

ሕፃን እስከ 6 ወር ዕድሜው የእናት ጡት ወተት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመከራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና አነስተኛ ጥናት መሠረት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት የጡት ወተት ብቻ የሚያገኙት 59 በመቶ ነበሩ።

እናት መድኃኒት ፈርታ ለጥቂት ቀናት ጡት ብታቋርጥ የወተቷ መጠን ይቀንሳል፤ ጡቷ ሊያብጥና ሊመግል ይችላል። በዚህ መካከል ለሕፃኑ የሚሰጠው የላም ወተት፣ የስኳር ውኃ ወይም ቅቤ ለተቅማጥና ለሌሎች ሕመሞች ያጋልጠዋል። ንጹሕ ውኃ በቀላሉ በማይገኝበትና ጤና ጣቢያ ሩቅ በሆነበት ቀበሌ ይህ አደጋ ከመድኃኒቱ አደጋ በእጅጉ ይበልጣል።

ከመድኃኒት በፊት የሚደረጉ ማስተካከያዎች

ቀላል የሆነ ቃር ያለ መድኃኒት ሊሻሻል ይችላል። የሚከተሉት ለእናትም ለሕፃንም ጉዳት የላቸውም፦

• ምግብን በአንድ ጊዜ አብዝቶ ከመመገብ ይልቅ በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ መመገብ። የምታጠባ እናት ተጨማሪ ምግብ ስለሚያስፈልጋት መጠኑን መቀነስ ሳይሆን ማከፋፈል ይገባል።
• ከተመገቡ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ሳይተኙ መቆየት። ሌሊት ሕፃኑን ለማጥባት ተነሥተው የሚመገቡ እናቶች ከምግቡ በኋላ ቀና ብለው ቢቀመጡ ይሻላል።
• የአልጋውን ወይም የመደቡን ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ። ትራስ መደራረብ ሆድን ስለሚያጥፍ በቂ አይደለም።
• ቃሩን የሚያባብሰውን ምግብ ለይቶ መቀነስ። ለአራስ የሚዘጋጀው ገንፎ ለእናት ጠቃሚ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ቅቤና በርበሬ ሲበዛበት ቃርን ያስነሣል። ቅቤውንና በርበሬውን ቀንሶ ገንፎውን ወይም አጥሚቱን መመገብ ይቻላል።
• ቡናን መቀነስ፤ ከጠላ፣ ከአረቄና ከሌሎች አልኮል መጠጦች መቆጠብ። አልኮል በወተት በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፋል።
• መቀነትን ወይም የሆድ ማሰሪያን ከምግብ በኋላ አለማጥበቅ።

ተልባን በጥብጦ መጠጣት በአካባቢው የተለመደ ነው። እንደ ምግብ ሲወሰድ ችግር ባይኖረውም የሚያሟልጨው ባሕርይው ሌላ መድኃኒት ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገይ ስለሚችል ከመድኃኒት ሰዓት ቢያንስ 2 ሰዓት አራርቆ መጠጣት ይሻላል። ኮሶ ለቃር የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም፤ መጠኑ ሲበዛ መርዛማ በመሆኑ የምታጠባ እናት ልትወስደው አይገባም።

መድኃኒቶቹና ደኅንነታቸው

1. አሲድ የሚያረክሱ መድኃኒቶች

አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማግኒዥየም ትራይሲሊኬትና ካልሲየም ካርቦኔት በዚህ ምድብ ይገኛሉ። በሚታኘክ ክኒን ወይም ነጭ በሆነ ሽሮፕ መልክ ይቀርባሉ። ሥራቸውን የሚሠሩት በጨጓራ ውስጥ ነው፤ ወደ ደም የሚገባው መጠን አነስተኛ በመሆኑ በወተት ላይ የሚያመጡት ለውጥ አይታይም። ስለዚህ ለምታጠባ እናት የመጀመሪያ ምርጫ ናቸው።

በተለምዶ ከምግብ ከ1 ሰዓት በኋላና በመኝታ ሰዓት ይወሰዳሉ። አሉሚኒየም ያለበት ሆድ ሊያደርቅ፣ ማግኒዥየም ያለበት ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ይህ የሚታየው በእናቲቱ ላይ ነው። የኩላሊት ሕመም ያለባት እናት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ልትወስዳቸው አይገባም።

ለዳቦ ማቡኪያ የሚውለውን ሶዲየም ባይካርቦኔት በውኃ በጥብጦ መጠጣት ለጊዜው ቢያስታግስም ከፍተኛ የጨው ይዘት ስላለውና የደምን ሚዛን ሊያዛባ ስለሚችል በተለይ የደም ግፊት ላለባት እናት አይመከርም።

2. የአሲድ መመንጨትን የሚቀንሱ፦ ፋሞቲዲንና መሰሎቹ

ከዚህ ምድብ ለምታጠባ እናት የሚመረጠው ፋሞቲዲን ነው። በወተት የሚያልፈው መጠን ለሕፃናት በቀጥታ ለሕክምና ከሚሰጠው ያነሰ ነው።

ሲሜቲዲን በወተት ውስጥ ከሌሎቹ በበለጠ ስለሚከማችና የሌሎች መድኃኒቶችን በጉበት መወገድ ስለሚያውክ ሌላ አማራጭ ካለ አይመረጥም። ራኒቲዲን ለረጅም ዓመታት ያገለገለ መድኃኒት ነው፤ ሆኖም ካንሰር ሊያስከትል የሚችል ኤንዲኤምኤ የተባለ ንጥረ ነገር በውስጡ በመገኘቱ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ከገበያ እንዲወጣ ጠይቋል፤ የአውሮፓ ኅብረት ተቆጣጣሪም በዚያው ዓመት እንዲታገድ አሳስቧል። ከቀድሞ የተረፈ ራኒቲዲን በቤት ያላት እናት ከመውሰድ ይልቅ የፋርማሲ ባለሙያን ብታማክር ይገባል።

3. የአሲድ መመንጨትን በብርቱ የሚያግዱ፦ ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ

ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞልና ፓንቶፕራዞል በዚህ ምድብ ናቸው። በጤና ተቋማት በስፋት የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል ሲሆን ብዙውን ጊዜ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል።

በሕክምና ጽሑፍ ከተመዘገበ ልኬት እንደሚታየው 20 ሚሊ ግራም ኦሜፕራዞል በቀን የምትወስድ እናት ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃኗ በቀን የሚደርሰው በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 3 ማይክሮ ግራም ገደማ ነው። ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው ሕፃናት በቀጥታ የሚሰጠው መጠን በኪሎ ግራም 700 ማይክሮ ግራም ገደማ በመሆኑ በወተት የሚያልፈው ከዚህ ከሁለት መቶ አንድ እጅ በታች ነው። በሌላ አነጋገር 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን በዚህ ስሌት አንድ እንክብል የሚያህል ኦሜፕራዞል ለማግኘት ከ3 ዓመት ተኩል በላይ መጥባት ይኖርበታል። ከዚህም በላይ መድኃኒቱ በአሲድ የሚበላሽ በመሆኑ ሕፃኑ ከወተት ጋር የሚውጠው ጥቂት መጠን አብዛኛው በጨጓራው ውስጥ ይከስማል።

ፓንቶፕራዞልም በተመሳሳይ በወተት የሚያልፈው መጠን ከእናቲቱ መጠን በክብደት ሲሰላ ከ1 በመቶ በታች ነው።

አወሳሰዱን በተመለከተ፦

• ከቀኑ የመጀመሪያ ምግብ 30 ደቂቃ በፊት በውኃ ይዋጣል። ከምግብ በኋላ ሲወሰድ ኃይሉ ይቀንሳል።
• እንክብሉ አይታኘክም፤ አይፈጭም። ሽፋኑ የተሠራው መድኃኒቱን ከጨጓራ አሲድ ለመጠበቅ ነው።
• ሙሉ ውጤቱ ለመታየት ከ1 እስከ 4 ቀን ሊወስድ ይችላል። በአንድ ቀን ለውጥ ስላልታየ መጠኑን መጨመር አይገባም።
• ባለሙያ ካዘዘው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት፣ በላይ አይወሰድም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12፣ የማግኒዥየምና የብረት መጠንን ሊቀንስ ይችላል።
• ለወራት የወሰደች እናት በድንገት ስታቆም ቃሩ ለጊዜው በርትቶ ሊመለስ ስለሚችል አቋራረጡን ከባለሙያ ጋር ትወስናለች።

4. በጥንቃቄ የሚወሰዱ ወይም የሚወገዱ

ቢስሙዝ ሳብሳሊሲሌት፦ ከአስፕሪን ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር በወተት ስለሚያልፍ በምታጠባ እናት አይወሰድም። ሌሎች አማራጮች አሉ።

ሜቶክሎፕራማይድ፦ ለማቅለሽለሽና ለማስመለስ የሚሰጥ ሲሆን በወተት ያልፋል። በእናቲቱ ላይ ድብርትና ያለ ፈቃድ የሚመጣ የጡንቻ እንቅስቃሴ ሊያስከትል ስለሚችል ከ5 ቀን በላይ አይመከርም። ከወሊድ በኋላ ድብርት ላጋጠማት እናት ሊሰጥ አይገባም።

ዶምፔሪዶን፦ የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም፤ ወተት ለመጨመር በሚል ከገበያ ተገዝቶም ሊወሰድ አይገባም።

የጨጓራ ባክቴሪያ ሲገኝ

በኢትዮጵያ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በስፋት የሚገኝ ሲሆን የሚረጋገጠው በሰገራ ወይም በሌላ ምርመራ ነው። ኦሜፕራዞል ምርመራውን ሊያሳስት ስለሚችል ከሰገራ ምርመራው በፊት ለ2 ሳምንት መቆም ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ አሲድ የሚያረክሱ መድኃኒቶችን መጠቀም ይቻላል።

በተለመደው ሕክምና ኦሜፕራዞል ከአሞክሳሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር ይሰጣል። እነዚህ በጡት ማጥባት ወቅት ሊወሰዱ ይችላሉ። ሕፃኑ ለጥቂት ቀናት ሰገራው ሊላላ ወይም በአፉ ውስጥ ነጭ ሽፋን ሊታይ ይችላል፤ ይህ ከታየ ለባለሙያ ይነገራል እንጂ ጡት አይቋረጥም። ሆኖም ሕክምናው ብዙውን ጊዜ አጣዳፊ ባለመሆኑ ሕፃኑ በጣም ጨቅላ፣ በተለይም ከ2 ሳምንት ዕድሜ በታች ከሆነ፣ ወይም ያለ ጊዜው ከተወለደ የመጀመሪያ ጊዜውን ከሐኪም ጋር መወሰን ይገባል። ሜትሮኒዳዞልና ዶክሲሳይክሊን የሚሰጡትም በሐኪም ውሳኔ ብቻ ነው።

የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን ጀምሮ ማቋረጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርጋል። ያለ ማዘዣ መግዛትም አይፈቀድም።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለ ግንኙነት

ለምታጠባ እናት ትልቁ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ሕፃኑን ሳይሆን የራሷን ሌላ ሕክምና የሚመለከት ነው። አሲድ የሚያረክሱ መድኃኒቶች ሌሎች መድኃኒቶችን በጨጓራ ውስጥ ይይዟቸዋል።

የብረት ክኒን፦ ከወሊድ በኋላ የብረት ክኒን የምትወስድ እናት ከአሲድ ማርከሻው ቢያንስ 2 ሰዓት ማራራቅ አለባት።

የኤችአይቪ መድኃኒት፦ ዶሉቴግራቪር አሉሚኒየም ወይም ማግኒዥየም ካለበት አሲድ ማርከሻ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ መወሰድ አለበት። ለምሳሌ መድኃኒቷን ምሽት 2 ሰዓት ላይ የምትወስድ እናት አሲድ ማርከሻውን ቀን 7 ሰዓት ከምሳ በኋላ ብትወስድ ችግር የለውም፤ ከእራት በኋላ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ብትወስድ ግን የኤችአይቪ መድኃኒቷ ኃይል ይቀንሳል። ኦሜፕራዞል ዶሉቴግራቪርን አያውክም። አታዛናቪርን ግን በብርቱ ስለሚያዳክም ሁለቱ ያለ ሐኪም ውሳኔ በአንድነት አይወሰዱም። ይህ ጉዳይ የቫይረሱን ወደ ሕፃኑ መተላለፍ የሚመለከት በመሆኑ እናቲቱ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለፀረ ኤችአይቪ ክትትል ባለሙያዋ መንገር ይኖርባታል።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፦ አይሶናያዚድ ከአሲድ ማርከሻው ቢያንስ 1 ሰዓት በፊት ይወሰዳል።

የእንቅርት መድኃኒት፦ ሌቮታይሮክሲን ከአሲድ ማርከሻና ከብረት ክኒን 4 ሰዓት መራቅ አለበት።

ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን፦ ከአሲድ ማርከሻ ጋር በአንድ ሰዓት ከተወሰዱ ወደ ደም አይገቡም ማለት ይቻላል፤ የሚራራቁበትን ሰዓት ፋርማሲ ባለሙያው ይናገራል።

ቃር የሚመስሉ አደገኛ ምልክቶች

በወለደች በ6 ሳምንት ውስጥ ያለች እናት ከደረት በታች ወይም በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ብርቱ ሕመም ሲሰማት መንስኤው ቃር ላይሆን ይችላል። ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የደም ግፊት ከወሊድ በኋላም ሊነሣ ይችላል፤ በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊት ያልነበራት እናትም ልትያዝ ትችላለች። ጉበት ሲጎዳ የሚሰማው ሕመም በትክክል ቃርን ይመስላል። ከሕመሙ ጋር የሚከተሉት ካሉ ሳይውል ሳያድር ግፊት መለካት አለበት፦

• የማይለቅ ብርቱ ራስ ምታት
• የዓይን ብዥታ ወይም የብልጭታ መታየት
• የፊት ወይም የእጅ ማበጥ
• ትንፋሽ ማጠር፣ ማንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት

ግፊቱ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልጋል። አሲድ ማርከሻ ወስዶ «ይሻል እንደሆነ» ብሎ ማደር እናቲቱን ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

በማንኛውም ጊዜ የሚከተሉት ከታዩም ፈጥኖ መታየት ያስፈልጋል፦

• ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ማስመለስ
• እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ (የብረት ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ሆኖም ልዩነቱን የሚወስነው ባለሙያ ነው)
• ምግብ ሲውጡ መተናነቅ ወይም ሕመም
• ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ ወይም የማያቋርጥ ማስመለስ
• ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚዛመት የደረት ሕመም

በሕፃኑ ላይ የሚደረግ ክትትል

ሕፃን ከጠባ በኋላ ጥቂት ወተት ማውጣቱ የተለመደ ነው፤ ክብደቱ እየጨመረና እየተጫወተ እስካለ ድረስ የእናቲቱ መድኃኒት ያመጣው ችግር ተደርጎ አይወሰድም። ሆኖም ሕፃኑ መጥባት ካቃተው፣ ከወትሮው በተለየ ካንቀላፋ፣ አረንጓዴ ወይም በኃይል የሚወረወር ትውከት ካለው፣ ሽፍታ ከወጣበት ወይም ብርቱ ተቅማጥ ከያዘው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሕፃን እናት ማንኛውንም መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት ሐኪም ማማከር አለባት። የእናት መድኃኒት ተቆርሶ ወይም በውኃ ተበጥብጦ ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም።

ጾምና የመድኃኒት ሰዓት

ረጅም ሰዓት ሳይመገቡ መቆየትና ከዚያም በአንድ ጊዜ አብዝቶ መመገብ ቃርን ያባብሳል። በጾም ወራት ሕክምና ላይ ያለች የምታጠባ እናት የጤና ሁኔታዋን ለንስሐ አባቷ ብታስረዳ ተገቢ ነው። በረመዳን ወቅትም ለምታጠባ እናት ሃይማኖቱ የሚሰጠውን ፈቃድ ከሃይማኖት አባት መጠየቅ ይቻላል። ጠበል የምትጠቀም እናት መድኃኒቷን ማቋረጥ አይኖርባትም።

በአካባቢው አገልግሎት የሚገኝበት መንገድ

በቀበሌ ደረጃ የመጀመሪያዋ ተጠያቂ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። እናቲቱን አነጋግራ፣ አደገኛ ምልክት መኖሩን ለይታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። በጤና ጣቢያ ምርመራ ይደረጋል፤ የደም ግፊት ይለካል፤ የተለመዱት የቃር መድኃኒቶችም ይታዘዛሉ። ተጨማሪ ምርመራ ሲያስፈልግ የዳባት ወረዳ ነዋሪዎች ወደ ዳባት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ የደባርቅና የአጎራባች ወረዳዎች ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ አጠቃላይ ሆስፒታል ይላካሉ። ከዚያ በላይ ለሆነ ሕክምና ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይቀበላል።

መንገዱ ረጅምና ዳገታማ በመሆኑ ለቃር ብቻ ተብሎ ልዩ ጉዞ ማድረግ ለብዙ እናቶች አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አጣዳፊ ምልክት ከሌለ ለድኅረ ወሊድ ክትትል ወይም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለሕፃኑ ክትባት በሚመጣበት ቀን ጉዳዩን አብሮ ማንሣት ይቻላል። አደገኛ ምልክት ሲኖር ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል የወረዳው አምቡላንስ እንዲጠራ ይደረጋል።

ወደ ጤና ተቋም ሲኬድ የሚያዙት፦

• የእናትና የሕፃን የክትትል ካርድ
• የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆኑ የታደሰ መታወቂያቸውን። አባላት በቅድሚያ በጤና ጣቢያ ታይተው በሪፈራል ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው።
• በቤት ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው

ለባለሙያ መነገር ያለባቸው ሦስት ነገሮች፦ እናቲቱ እያጠባች መሆኗ፣ የሕፃኑ ዕድሜና ያለ ጊዜው ተወልዶ እንደሆነ፣ እንዲሁም የምትወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶችና ባህላዊ መድኃኒቶች ናቸው። ባለሙያው «ጡት አቁሚ» ቢል እንኳ ለሚያጠቡ እናቶች የሚሆን ሌላ አማራጭ መኖሩን መጠየቅ የእናቲቱ መብት ነው።

መድኃኒት ስለመግዛትና ስለማስቀመጥ

መድኃኒት ፈቃድ ካለው የመድኃኒት መደብር ብቻ ይገዛል። በገበያ ቀን በየመንገዱ የሚሸጥ፣ ከማሸጊያው የወጣ ወይም ስሙ የማይነበብ ክኒን አይገዛም። ሲገዛ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ይታያል፤ ደረሰኝም ይጠየቃል።

አብዛኞቹ የቃር መድኃኒቶች ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በደረቅ ቦታ ይቀመጣሉ። ይህ በደጋው በደባርቅና በዳባት ከእሳት ማንደጃ በማራቅ ይሟላል። ከሊማሊሞ ወርደው በዛሪማና በአዲ አርቃይ ቆላ ለሚኖሩ ግን ከፀሐይና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ርቆ በቤቱ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል። ኦሜፕራዞል እርጥበት ስለሚያበላሸው ከዕቃው ወጥቶ በጨርቅ ወይም በወረቀት አይቋጠርም። ሁሉም መድኃኒት ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጣል።

ለተጨማሪ መረጃ

ጤና ነክ መረጃ ለማግኘት በጤና ሚኒስቴር ነፃ የስልክ መስመር 952 መደወል ይቻላል። መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ያልተጠበቀ ጉዳት የደረሰባቸው ወይም የሐሰተኛ መድኃኒት ጥርጣሬ ያላቸው ተገልጋዮች በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 እንዲያሳውቁ ይጠየቃል።